የጋሼ ይማም ሕመም

እኛ አገር ሰው ማጥፋቱን የሚያውቀው ሲመረቅ ነው። ሌላ ቦታ ባለጌ ይሰደባል አሉ። ወልዲያ ላይ ግን ሚኒባስ ውስጥ ክርንህን የሰው ጎድን ላይ ተክለህ ብትቀመጥ፣ ጎንህ ያሉት አዛውንት ቀና ብለው ያዩህና «አላህ ይምራህ ልጄ» ይሉሃል። «አሚን» ብለህ ክርንህን ካልሰበሰብክ «አላህ ያስተካክልህ» ይከተላል። ሦስተኛው ምርቃት ከመጣ ግን ነገሩ ከርሯልና ወርደህ በእግርህ ብትሄድ ይሻልሃል።

እኔም የዚሁ አገር ልጅ ነኝ። አንዴ ገበያ መሐል አንድ ሰው በቦት ጫማ እግሬን ቢረግጠኝ «አውፍ በለኝ ወንድሜ፣ መንገድህ ላይ አስቀመጥኩት» ብዬዋለሁ። ሰውየውም ደግ ነበርና ይቅር አለኝ። ቤት ገብቼ ጣቴን በጨው ውሃ ስዘፈዝፍ ነው ነገሩ የተገለበጠ መሆኑ የገባኝ።

በዚህ ሁሉ ጨዋ መሐል ታዲያ አላህ አንድ አጎት ሰጠን። ጋሼ ይማም የአባታችን ታላቅ ወንድም ናቸው፤ አባታችን ካረፈ ወዲህ እኔንና ታናሽ ወንድሜን ጀማልን ያሳደጉን እሳቸው ናቸው። ያዩትን ይናገራሉ። ክፋት የላቸውም፤ ክፉ ሰው ቢሆኑማ ነገር መደበቅ ያውቁበት ነበር። ሰርግ ተጠርተው ደጋሹ አጠገባቸው ቆሞ «ይሄ በሬ የሞተው አርጅቶ ነው» ይላሉ። ለቅሶ ቤት ገብተው «ታሞ ሲተኛ አንዳችሁም አልጠየቃችሁት፤ አሁን ለማን ነው የምትጮኹት?» ይላሉ። አንዲት ጎረቤታችን አራስ ቤት ሆና ልጇን ስታሳያቸው «ማሻአላህ» እስኪሉላት ጠብቃ ነበር። እሳቸው ግን ሕፃኑን አገላብጠው አዩና «ጆሮው የአባቱ ነው። አይዞሽ፣ ሲያድግ ኮፍያ ታለብሺዋለሽ» አሏት።

እንግዲህ ይህን አፍ ይዞ ሽምግልና እንዴት ይኬዳል?

ጀማል መርሳ ላይ የምታስተምር ሀያት የምትባል ልጅ ወደደ፤ እሷም ወደደችው። የቀረው ሽማግሌ ልኮ ከአባቷ ከአቶ እንድሪስ መጠየቅ ነበር። ወጉ ደግሞ የታወቀ ነው፤ ሽምግልና ሲኬድ የቤቱ ታላቅ ከፊት ይቀድማል። የኛ ቤት ታላቅ ጋሼ ይማም ናቸው። እኔና ጀማል በሩን ዘግተን ተመካከርንና ታላቃችንን ቤት ልንተዋቸው ተስማማን። በሳቸው ፋንታ ጎረቤታችንን ጋሽ ሞላን ለመንን። ጋሽ ሞላ ክርስቲያን ናቸው፤ ግን በሰፈራችን የማንም ይሁን የማን፣ ነገር ሲበላሽ የሚጠሩት እሳቸው ናቸው። ሰላምታቸው ብቻ ትኩስ ሻይ ያቀዘቅዛል፤ የልጆቹን፣ የከብቱን፣ የዝናቡንና የማሳውን ደህንነት ሳይጠይቁ ወደ ጉዳይ አይገቡም። ሁለተኛው ሽማግሌ እኔ ሆንኩ። ዕድሜዬ ባይደርስም ጠጉሬ ቀድሞኝ ሸብቷል። ሽበቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሥራ አገኘ።

መርሳ ደርሰን ገና ከመቆማችን አቶ እንድሪስ «ታላቃችሁ የት ቀሩ?» ብለው ጠየቁ። መልስ አዘጋጅቼ አልመጣሁም ነበር። አፌ ላይ የመጣልኝን «ትንሽ አሟቸው ነው፤ ወገባቸውን» አልኩ። ጋሽ ሞላ ውሸት አይወዱም። ስለዚህ ወደ ሰማይ አየት አድርገው «ምሕረቱን ያውርድ» ብቻ አሉ። ይህ ለማንም ቢባል ስህተት የለውም።

«ኢንሻአላህ፣ ዘመድ እናማክርበት» ብለው ሸኙን። የመጀመሪያ ጊዜ እሺ ማለት ነውር ስለሆነ አልከፋንም። ሁለተኛ ሄድን። «እንዴት ሆኑ ታላቃችሁ?» አሉ አቶ እንድሪስ። «ከወገባቸው ለቀቃቸውና ጉልበታቸው ላይ ወረደ» አልኩ። አሁንም «እስቲ እንመካከር» ተባለ። በዚያ ላይ እስከ አስፋልቱ ድረስ ሸኝተውን፣ መንገዳችንን መርቀው፣ ልጆቻችንን መርቀው፣ የምንሳፈርበትን ሚኒባስ ሳይቀር መረቁልን። ያን ለት መጠርጠር ነበረብኝ። ምርቃቱ በዝቶ ነበር።

ሳምንቱ መጨረሻ ላይ ሀያት ለጀማል ደወለች። ከሐራ ሌሎች ሽማግሌዎች ሊመጡ ነው፤ አባቷ ከነገ ወዲያ ኑ ብለዋቸዋል፤ እሷም ምን እንዳስከፋቸው ብትጠይቅ አይናገሩም። ጀማል እህል መቅመስ ተወ። ሱቁ ውስጥ የስልክ መያዣዎቹን እየደረደረ መልሶ ያፈርሳል። «ነገ እሺ ካላሉ አለቀልኝ» አለኝ። ያንን ፊቱን አይቼ በማግስቱ ጠዋት ጋሽ ሞላን ይዤ ወደ መናኸሪያ ሄድኩ።

የመርሳ ሚኒባስ ውስጥ፣ ከሾፌሩ ጎን፣ ጋሼ ይማም ተቀምጠው ነበር። የበዓል ኮታቸውን ለብሰዋል፣ ኮፍያቸው ታጥቧል፣ ምርኩዛቸው ጉልበታቸው መሐል ተተክሏል።

«ጋሼ፣ ወዴት ነው?» አልኳቸው።

«ወደ ሽምግልና» አሉ። «ጸጉር አስተካካዩ ነው የነገረኝ። ያሳደግኩት ልጅ ሊያገባ ነው፤ ጸጉር አስተካካይ ከኔ ቀድሞ ያውቃል። ረስታችሁኝ ይሆናል ብዬ መጣሁ።»

«ረስታችሁኝ» ሲሉ ድምፃቸው ዝቅ አለ። ጋሽ ሞላን አየሁ፤ ጋሽ ሞላ ጫማቸውን አዩ። ገብተን ከኋላቸው ተቀመጥን። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ የኔ ጭንቀት አንድ ብቻ ሆነ፤ ሁለቴ ያሳመምኳቸውን ሰው መርሳ እስክንደርስ እንዴት አድርጌ ከሕመም ላውጣቸው?

ይህን ሳሰላስል አንድ ጎልማሳ ከኋላችን ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጎ ይጮኻል። «መርሳን አልፌ ውርጌሳ ልገባ ነው፤ በሬውን ለሌላ እንዳትሸጥብኝ» ይላል። እኛ ገና ከመናኸሪያው አልወጣንም። ተሳፋሪው ሁሉ እንደ አገሩ ልማድ ቻለው። አንዲት እናት «ያ ረቢ» አሉ በለሆሳስ። ጋሽ ሞላ ነጠላቸውን ሳብ አድርገው ጆሯቸውን ሸፈኑ፤ ይህ በሳቸው ቤት ጠብ ነው። ጋሼ ይማም ግን ከፊት ወንበር ዞሩና ወደ ስልኩ ጮኹ።

«አንተ ባለበሬው፣ ሽጠው። ይሄ ሰውዬ ወልዲያ ነው። መኪናውም ገና አልሞላም።»

«ማን ልበል?» አለ ባለበሬው በጨዋ ደንብ።

«ይማም።»

«ጀዛከላህ ይማም» ብሎ አመሰገነና ዘጋው።

ሰውየው ከዚያ በኋላ ድምፁ አልተሰማም። እኔ በአጎቴ ፋንታ አፍሬ መስኮቱ ውስጥ ልገባ ስቃረብ፣ እኚያ «ያ ረቢ» ያሉት እናት ከዘንቢላቸው ሙዝ አውጥተው ምንም ሳይናገሩ ለጋሼ ይማም አቀበሏቸው። ጋሼ ይማም ሙዙን ጫን ጫን አድርገው አዩና «አልበሰለም» አሉ። ቢሆንም በሉት።

መርሳ ወርደን ወደ አቶ እንድሪስ ቤት የሚወስደውን መንገድ ስንይዝ ጋሽ ሞላን ወደ ኋላ ጎተት አደረግኳቸው።

«ዛሬ ጠዋት ተሻላቸው እንበል» አልኩ።

«እኔ እንደሆነ አልዋሽም ልጄ» አሉ። «ግን ዝም ማለት እችላለሁ። በዚያ እረዳሃለሁ።»

ስለዚህ ጋሼ ይማምን ራሴው ትንሽ ላሳምማቸው ወሰንኩ። የቆላ ፀሐይ ነው፤ በብርቱካኑና በማንጎው መሐል እንኳ ያቃጥላል። «ጋሼ፣ ምርኩዝዎን ደገፍ ብለው ቀስ ይበሉ» አልኩ። «ምርኩዙ ለውሻ ነው» አሉ። «ወገብዎን በእጅዎ ያዝ ቢያደርጉትስ?» «ወገቤ ምን ሆነና?» እያሉ እርምጃቸውን አፈጠኑ። ሽማግሌ ሳይሆን ገበያ ያለፈበት ሰው ይመስሉ ነበር። መጨረሻ ላይ የመስኖ ቦይ አለ፤ በላዩ አንድ ግንድ ተጋድሟል። እኔና ጋሽ ሞላ እጅ ለእጅ ተያይዘን በግንዱ ላይ እየተንቀጠቀጥን ስንሻገር፣ ወገባቸውንና ጉልበታቸውን የታመሙት ሰው ኮታቸውን ሰብስበው ቦዩን ዘለሉት። አቶ እንድሪስ ማዶ በራቸው ላይ ቆመው ይጠብቁን ነበር። ዝላዩን ከመነሻው እስከ ማረፊያው አዩት። «ማሻአላህ» አሉ ቀዝቀዝ ብለው።

ቤት ገባን። ሽማግሌ የመጣበት ነገር ሳይፈጸምለት አይቀመጥም፣ ውሃም አይቀምስም። ይህን መርሳ ላይ ሕፃን ያውቀዋል። እኔና ጋሽ ሞላ ግድግዳው ስር ቆምን። አቶ እንድሪስና ወንድማቸውም እኛ ቆመን እነሱ መቀመጥ ነውር ነውና ቆሙ። ጋሼ ይማም ብቻ መደቡ ላይ ተቀመጡና «እናንተ ቁሙ፤ እኔ ዕድሜዬ ይበቃኛል። እስቲ ውሃ» አሉ።

ውሃው መጣ። ጋሽ ሞላ ይህን ነገር ለመሸፈን ብለው ሰላምታቸውን አረዘሙት። ልጆቹን አልፈው፣ ላሟን አልፈው፣ የጎረቤቱን ላም ጠይቀው ማሽላው ላይ ደርሰዋል። «ዘንድሮስ ፍሬው እንዴት ያዘ፣ ወፍ አላስቸገራችሁም...»

«ሞላ፣ ማሽላው ደህና ነው» አሉ ጋሼ ይማም። «ስንመጣ አይተነዋል። የመጣነው ለልጅቷ ነው።» ከዚያ ወደ አቶ እንድሪስ ዞሩ። «ስማ እስቲ አንተ። ልጆቼ ሁለቴ ለምነዋችሁ ሁለቴ መልሳችኋቸዋል። ልጁ ምኑ አስጠላህ? አስጠልቶህ እንደሆነ ንገረን፣ እንሂድ።»

ጨዋ ሰውን በቤቱ፣ በዘመዱ ፊት፣ አንተ ብለው። የአቶ እንድሪስ ወንድም «አላህ ይምራዎት» አሉ። አንድ ብዬ ቆጠርኩ።

አቶ እንድሪስ እንደምንም ተቸግረው ተናገሩ።

«እንግዲህ ከጠየቁኝ ልናገር። ታላቃቸው ታመዋል ተባልን። ልጃችንን ሊጠይቅ የመጣ ቤት ታላቁ ታሞ ዝም አይባልም ብዬ በማክሰኞ ገበያ ከጓሮዬ ብርቱካን ለቅሜ ልጠይቅዎ ወልዲያ መጣሁ። ቤትዎን ባጠያይቅ 'ይማም? ፍየል ተራ ናቸው' አሉኝ። ብሄድ የአንዲት ፍየል ጥርስ ይመረምራሉ። ባለፍየሉን 'ይቺ የእናትህ ታላቅ ናት' ሲሉት ደረስኩ።»

ጋሼ ይማም ዓይናቸውን ጠበብ አድርገው አዩዋቸው። «ያ ብርቱካን የታቀፈው ሰውዬ አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ። 'ትሸጣለህ ወይስ ታቅፈኸው ትውላለህ?' አሉኝ።»

«ዋጋውን ስጠይቅህ ከነፌስታሉ እጄ ላይ ጥለህልኝ ሄድክ።»

«ምን ላድርግ?» አሉ አቶ እንድሪስ። «ለእርስዎ ያመጣሁት ነው። ታማሚ ነዎት ብዬ ልንገርዎት?»

«ኮምጣጣ ነበር» አሉ ጋሼ ይማም።

«አውፍ ይበሉኝ» አሉ አቶ እንድሪስ።

ጋሽ ሞላ በገቡት ቃል መሠረት ዝም አሉ። እኔ መሬት ብትከፈት ሳልጠራ እገባ ነበር።

«ይህን ሁሉ ችዬ ነበር» ብለው አቶ እንድሪስ ቀጠሉ፤ አሁን ድምፃቸው ሌላ ሆኗል። «ግን ልጆችዎ መልሰው መጡና ጉልበታቸው ላይ ወረደ አሉኝ። በደህና ሰው ላይ ሕመም የሚያወራ ቤት ስለ ልጁስ ምን ደብቆኝ ይሆን? ሀያት አንድ ልጄ ናት። ፈራሁ። ውሸታሞች ናችሁ ብዬ ሰው ፊት ላለመናገር ዝም አልኩ። የሐራዎቹንም ነገ ኑ ያልኩት ለዚህ ነው።»

ጋሼ ይማም ቀስ ብለው ወደኔ ዞሩ። «ማነው ያሳመመኝ?»

ከዚህ በኋላ የሚያዋጣ ውሸት አልነበረም። «እኔ ነኝ ጋሼ» አልኩ። «አፍዎን ፈርተን ነው። ሰው ያስቀይሙብናል ብለን ጥለንዎት መጣን።»

ስድብ ጠበቅኩ። ስድብ አልመጣም። ጋሼ ይማም ኮፍያቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አኖሩትና ዝም አሉ። ዕድሜዬን ሙሉ እኚህ ሰው በየሰው ቤት ዝም እንዲሉልኝ ስለምን ኖሬ፣ ያን ለት ዝም ሲሉ ማየት አልቻልኩም። ለወንድሜም ለሳቸውም እንባዬ መጣ። እሳቸው አንድ ቃል ሳይናገሩ ነገሩን ሁሉ ያበላሸሁት እኔ፣ እግሩን ሲረግጡት ይቅርታ የሚጠይቀው ጨዋው እኔ ነኝ።

አቶ እንድሪስ መጥተው መደቡ ላይ ከጋሼ ይማም ጎን ተቀመጡ።

«እንግዲህ እርስዎ ይንገሩኝ» አሉ። «በነጻ የሰጠሁዎትን ብርቱካን ኮምጣጣ ያሉ ሰው የወንድምዎን ልጅ አያሳምሩልኝም። ጀማል እንዴት ያለ ነው?»

አለቀልን አልኩ በልቤ። ጀማልን ከኛ ቤት የሚያማው ሰው ቢኖር እሳቸው ናቸው።

«እንቅልፋም ነው» ብለው ጀመሩ። «ሱቁን የሚከፍተው ሌላው ቁርሱን በልቶ እጁን ሲታጠብ ነው። ፍየል ግዛ ብትለው ቆዳ የለበሰ አጥንት እየጎተተ ይመጣል። ጅብ ሲጮኽ ይፈራል። ደግሞ ይዘፍናል፤ ድምፅ የለውም፤ ልጅህ ይህን ሳታውቅ እንዳትገባ።»

አንዱን በተናገሩ ቁጥር ዓይኔን እጨፍናለሁ። ጓዳውን ከሚከልለው መጋረጃ ወዲያ ግን የታፈነ ሳቅ የሰማሁ መሰለኝ።

«አምና ወባ ጣለኝ» አሉ ጋሼ ይማም። ድምፃቸው ተለወጠ። «እውነተኛውን ሕመም የታመምኩት ያኔ ነው። ገላዬን ያጠበኝ ጀማል ነው። ሲያጥበኝ ሰደብኩት። ሾርባ ቢያመጣልኝ ጨው የለውም ብዬ ሰደብኩት። ደህና ሆኜ ስነሳም ሰደብኩት። አንድ ቀን ክፉ አልመለሰልኝም፤ አንድ ቀንም ሳይመጣ አልቀረም። እኔን የቻለ ልጅህን ይችላል። ካስከፋት ደግሞ ወደኔ ላኳት፤ አፌን እንደሆነ ታውቀዋለህ።»

ከመጋረጃው ወዲያ የአቶ እንድሪስ እናት ድምፅ መጣ፤ ከአልጋ የማይነሱ ትልቅ ሰው ናቸው።

«እንድሪስ፣ ምን ቀረህ? እንዲህ የሚነግርህ ሰው ከየት ታመጣለህ? ልጅቷን ጠይቃትና ስጥ።»

አቶ እንድሪስ ወደ ውስጥ ገቡ። ገብተው የቆዩት ትንሽ ነው፤ ለኔ ግን ማሽላ የሚዘራበትና የሚታጨድበት ጊዜ ያህል ሆነብኝ። ሲመለሱ ፊታቸው በርቷል። «ሰጥተናል። አላህ ይባርክላቸው» አሉ።

ጋሽ ሞላም ነገሩ ተፈጽሟልና ባሉበት ተቀመጡ። እኔ ከደረቴ ላይ የወፍጮ ድንጋይ የተነሳልኝ ያህል ተነፈስኩ፤ ሳቅም ልቅሶም አንድ ላይ መጣብኝ። ጋሼ ይማም ዱዓ አደረጉ። ዱዓቸው አጭር ነበር፤ ለሙሽሮቹ ጤናና ልጅ፣ ለጀማል ደግሞ ንቃት ለመኑ። ሁላችንም «አሚን» አልን።

ምሳ ሲቀርብ አቶ እንድሪስ እንደገና ትክዝ አሉ። «የሐራዎቹን ግን ምን ብዬ ልመልሳቸው? ኑ ብዬ ጠርቼ...»

«ስልካቸውን አምጣው፣ እኔ እነግራቸዋለሁ» አሉ ጋሼ ይማም።

«አይሆንም» አልን ሁላችንም በአንድ አፍ። ከመጋረጃው ወዲያ ያሉት እናት እንኳ አብረውን አሉ። ጋሽ ሞላ በራሳቸው ፈቃድ እንዲደውሉ ተደረገ፤ ማሽላውን ከመጠየቅ ጀመሩ፤ ሐራዎቹ እምቢ መባላቸውን ያወቁት ማታ ቤታቸው ገብተው ሲያስቡት ይመስለኛል።

እኔ ወደ ደጅ ወጣ ብዬ ለጀማል ደወልኩ። «ሰጥተውሃል» አልኩት። ጋሼ ይማም እጃቸውን እየታጠቡ ለአቶ እንድሪስ ሥጋው ያልበሰለበትን ምክንያት ሲያስረዱ ድምፃቸው ስልኩ ውስጥ ገባ።

«ጋሼ እዚያ ናቸው እንዴ?» አለኝ በድንጋጤ።

«እዚህ ናቸው።»

«ተናገሩ?»

«ስለተናገሩ ነው የሰጡን።»

«እስቲ ስልኩን ስጣቸው» አለ፤ ድምፁ ተሰባብሯል። ሰጠኋቸው። ጋሼ ይማም ስልኩን ጆሯቸው ላይ ለጥፈው፣ አንድ ቃል ሳይተነፍሱ ብዙ ሰሙ። ከዚያ ዘግተው መለሱልኝ።

«በስልክ ያለቅሳል» አሉኝ፤ ዓይናቸውን በኮታቸው እጅጌ እየጠረጉ። «ባለጌ።»